ፓምፑ ውኃ አልሳብ ያለው ለምንድነው?

በክረምት ወራት በቆሰበር ዙሪያ ውኃ ብርቅ አይደለም። ዝናቡ ሲያርከፈክፍ ይከርማል፤ ሜዳው ይረሰርሳል፤ ከብቱም ሰዉም ጭቃ ያማርረዋል። በጋው ሲጠና ግን ነገሩ ሌላ ነው። የድንቹ ማሳ ከላይ፣ ወንዙ ከገደሉ ሥር ሆነው ይተያያሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የብዙ ማኅበር ገንዘብ ባክኖ የሚቀረው በዚያች ጥቂት ሜትር ላይ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። አባላቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የቤንዚን ፓምፕ ይገዛል። ፓምፑ ከማሳው ዳር፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ይቀመጥና ጎማው ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ሞተሩ ይነሣል፤ ይጮኻል፤ ጭሱ ይወጣል፤ ውኃ ግን የለም። «እስኪ ጎማውን ፈትሸው» ይላል አንዱ። «ሞተሩ አርጅቶ ነው እንጂ፤ አሮጌውን ቀለም ቀብተው ሸጡልን አያ» ይላል ሌላው። ፓምፑ ወደ ነጋዴው ይመለሳል፤ ነጋዴው ከሱቁ ደጃፍ በርሜል ላይ አስነሥቶ ውኃውን እየተፋ ያሳያል። ሁለቱም ወገኖች እውነታቸውን ነው። ፓምፑ አልተበላሸም፤ ውኃም አልሳበም። ያጣላቸው ማንም በዓይኑ የማያየው ነገር፣ አየር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ፓምፕ ውኃ «ይስባል» የሚባለው ለአነጋገር ያህል መሆኑ ነው። ፓምፑ የሚሠራው ከጎማው ውስጥ ያለውን አየር ማውጣት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ውኃውን ወደ ጎማው ውስጥ ገፍቶ ወደ ላይ የሚያወጣው ከወንዙ ፊት ላይ የተጫነው የውጭ አየር ነው። ይህን ለማየት ምንም መሣሪያ አያሻም። አንድ የላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሞልቶ፣ አፉን በመዳፍ ከድኖ፣ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ መድፋትና መዳፉን ከውኃው ሥር ማንሣት ነው። የጠርሙሱ ውኃ አይወርድም። ከሳፋው ውኃ ላይ የተጫነው አየር ደግፎ ይዞታል። ቂጡ በመርፌ ቢበሳ ግን ወዲያው ይወርዳል፤ አየሩ ከላይም ገብቶ መግፋት ይጀምራልና።

አየር ይመዝናል። ባሕር ጠረፍ ላይ፣ ለምሳሌ በጂቡቲ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል አየር ተጭኗል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ከበላይ የሚቀረው አየር ስለሚያንስ ክብደቱም ይቀንሳል። ይህን መጀመሪያ የደረሱበት የኢጣሊያ ሰዎች ሲሆኑ፣ መነሻቸውም የፓምፕ ችግር ነበር። የፍሎረንስ ሠራተኞች ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ለማውጣት ቢጥሩ ውኃው ከ10 ሜትር አካባቢ አላልፍ አላቸው። የጋሊሌዮ ደቀ መዝሙር የነበረው ቶሪቼሊ በ1643 እ.አ.አ. ነገሩን በሜርኩሪ መርምሮ ውኃውን የሚያቆመው የአየር ክብደት መሆኑን አስረዳ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1648 እ.አ.አ.፣ ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ የእኅቱን ባል የሜርኩሪ ቱቦ አስይዞ ፑይ ደ ዶም ወደሚባለው ተራራ ላከው። ከጫፍ ሲደርስ ሜርኩሪው ስምንት ሳንቲሜትር ያህል ወረደ። የዚያ ተራራ ከፍታ 1465 ሜትር ነው። ቆሰበር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ፓስካል ሰው አሽከሞ ያስፈለገውን ፈተና የቆሰበር ገበሬ ሳይወጣ ሳይወርድ ከደጁ ያገኘዋል ማለት ነው።

ይህ ለወሬ ያህል የሚነገር አይደለም። የቆሰበር አየር ክብደት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። የባቄላ ንፍሮ ከቆላው ይልቅ በደጋው ቆይቶ የሚበስለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በቆሰበር ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ እሳቱን ማጋፋት አያፈጥነውም። ለፓምፑም ሒሳቡ ያው ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ አየሩ ውኃን ወደ ላይ መግፋት የሚችለው ቢበዛ 10 ሜትር ከ30 ነው። መተማ ላይ ወደ 9 ሜትር ተኩል ይወርዳል። ቆሰበር ላይ 7 ሜትር ከ60 ገደማ ይሆናል። ከዚህ በላይ ያለውን ውኃ የሺህ ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እንኳ ሊያመጣው አይችልም፤ ገፊው ሞተሩ አይደለምና።

7 ሜትር ከ60 የተባለውም ምንም ነገር ሳይጎድል ነው። ውኃው በጎማው ውስጥ ሲሄድ ይፋተጋል፤ በወንፊቱ ሲያልፍ ይታገላል። ብዙውን ጊዜ ከፓምፑ ሳጥን ላይ «የመምጠጥ ከፍታ 8 ሜትር» የሚል ይጻፋል። ይህ የተለካው በባሕር ወለል ስለሆነ ለቆሰበር 2 ሜትር ከ70 ይቀነስለታል፤ የሚተርፈው 5 ሜትር ከ30 ነው። ጠንቃቃ ሰው ከ5 ሜትር አያልፍም። እንግዲህ ከውኃው ፊት 9 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠው የማኅበሩ ፓምፕ ምን ያድርግ?

መፍትሔው ግን ቀላልና ወጪ የሌለበት ነው። ፓምፕ በመምጠጥ በኩል ደካማ ቢሆንም በመግፋት በኩል ብርቱ ነው፤ በመውጫው በኩል የሚገፋው የሞተሩ ኃይል ስለሆነ ብዙዎቹ ትናንሽ ፓምፖች ሃያ ሜትርና ከዚያም በላይ ይገፋሉ። ስለዚህ ገደሉ 9 ሜትር ከሆነ ከወገቡ በታች ትንሽ መደብ ቆፍሮ ፓምፑን ከውኃው 3 ሜትር ከፍታ ላይ ማስቀመጥና ቀሪውን 6 ሜትር እንዲገፋ ማድረግ ነው። ዶፍ ሲጥል ደራሽ እንዳይወስደው ማታ ማታ ወደ ላይ መመለስ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ስሕተት አለ። «ወደ ታች አውርዱት ተባልን» ብሎ የሚሠራ የቤንዚን ወይም የናፍጣ ሞተርን ከእጅ ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ ሰው ይገድላል። ጭሱ መውጫ ያጣል፤ በውስጡ ያለው መርዛም ጋዝ ሽታ ስለሌለው የገባው ሰው ሳያውቅ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የሚገባውም እንዲሁ። መደብ ሲባል ነፋስ የሚያገኘው የገደል ገጽ እንጂ ጉድጓድ አይደለም። ለጥልቅ የእጅ ጉድጓድ የገመድ ፓምፕ ይሻላል፤ ገመዱ ላይ የታሠሩት ክቦች ውኃውን ከሥር ተሸክመው ስለሚያወጡ የአየሩ ክብደት አያግዳቸውም።

ከፍታ የሚለካው ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንጂ በገደሉ ላይ በተጋደመው ጎማ ርዝመት አይደለም። የተጋደመ ጎማ ሃያ ሜትር ሆኖ ከፍታው አራት ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳያውቁ ደኅናውን ቦታ የተዉም አሉ። ለመለካት የግንበኛው ዘዴ ይበቃል። ውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ጎማ ውኃ ተሞልቶ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ሽቅብ ይይዛሉ። የውኃው ፊት በሁለቱም ጫፍ ምንጊዜም እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። የላይኛው ሰው የውኃውን ፊት ከመሬት ያስተካክላል፤ የታችኛው ሰው ከእግሩ እስከ ውኃው ፊት ያለውን በሜትር ይለካል። እንዲህ እየተባለ በደረጃ እስከ ወንዙ ይወረድና ይደመራል። በጎማው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ግን ልኩ ይዋሻልና አስቀድሞ መውጣት አለበት።

ከፍታው ተስተካክሎም ውኃ ካልመጣ የሚጠረጠረው ቀዳዳ ነው። በመግፊያው በኩል ያለ ቀዳዳ ውኃ ስለሚያንጠባጥብ ይታያል። በመምጠጫው በኩል ያለ ቀዳዳ ግን ውኃ አያወጣም፤ አየር ያስገባል፤ ስለዚህ አይታይም። መጋጠሚያው በደንብ መጥበቅ አለበት። የመምጠጫው ጎማ ጠንካራ መሆን የሚገባውም ለዚሁ ነው፤ ለስላሳውን ጎማ የውጭው አየር ጨፍልቆ ይደፍነዋል። ፓምፑም ከመነሣቱ በፊት ሆዱ ውኃ ሊሞላለት ይገባል። አየር ከውኃ ሺህ ጊዜ ያህል ስለሚቀል መዘውሩ በባዶ ቢሽከረከር የሚይዘው ነገር አያገኝም። ሞተሩ ራሱ የሚተነፍሰውም ያንኑ ሳሳ ያለ አየር ስለሆነ በቆሰበር ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ፓምፕ የሚመርጥ ኮሚቴ ይህን አስቦ ጠንከር ያለውን ቢይዝ ይበጀዋል።

ከምንጭ በራሱ ቁልቁል የሚወርድ ውኃ ያላቸው መንደሮች ችግራቸው ተቃራኒው ነው፤ ኃይሉ አነሰ ሳይሆን በዛ የሚል። ውኃ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት በካሬ ሳንቲሜትር አንድ ኪሎ ይጨምራል። ምንጩ ከቦኖው 80 ሜትር ከፍ ካለ ከታች ያለው ቧንቧ 8 ኪሎ ይሸከማል። ቧንቧው ወፍራም ሆነ ቀጭን፣ ይህ አይለወጥም። የላስቲክ ቧንቧ ሲገዛ ከጎኑ የታተመውን ማንበብ ያስፈልጋል፦ «ፒ ኤን 6» የሚለው ለ60 ሜትር፣ «ፒ ኤን 10» የሚለው ለ100 ሜትር ቁልቁለት የተሠራ ነው። ርካሹ ተገዝቶ ቀን ሙሉ ደኅና ሲሠራ ውሎ ሌሊት ሲፈነዳ «ሰው ቆረጠው» ይባላል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ቀን ቦኖው ክፍት ሆኖ ውኃው ስለሚሄድ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ሌሊት ሁሉም ሲዘጋ ሙሉው ክብደት ከታችኛው መጋጠሚያ ላይ ያርፋል። በቁልቁለቱ መሐል ክፍት የሆነ ትንሽ ጋን ቢሠራና ውኃው እዚያ አርፎ እንደገና ቢነሣ ግፊቱ ከዜሮ ይጀምራል። ጋኑ ሲሞላ ውኃው በከንቱ እንዳይፈስ መግቢያው ላይ ተንሳፋፊ ክዳን ይደረግለታል።

ከቆሰበር ብዙ ሳይርቅ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ 166 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ከወለሉ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር 16 ኪሎ ተኩል ውኃ ተጭኗል። ጣና ከዘንገና ጋር የማይወዳደር ሰፊ ሐይቅ ቢሆንም ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር የሚያልፍ ስላልሆነ ወለሉ ላይ ያለው ግፊት የዘንገናን አንድ አሥረኛ አያክልም። ግፊትን የሚወስነው የውኃው ብዛት ሳይሆን ጥልቀቱ ነው። የውኃ ማቆሪያ ኩሬ የሚያስቆፍሩ ማኅበራት ይህን ቢያስቡት መልካም ነው። «ኩሬው ጠባብ ነውና ክትሩ ቢሳሳም ግድ የለም» ማለት አያዋጣም፤ ሦስት ሜትር የጠለቀ ጠባብ ኩሬና ሦስት ሜትር የጠለቀ ሐይቅ የግድግዳውን ሥር እኩል ይገፉታል። ክትር ከሥሩ የሚሰፋውና ወደ ላይ የሚቀጥነው ለጌጥ አይደለም።

የውኃ ክብደት ለዘር መምረጫም ያገለግላል። አንድ ነገር በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው እሱን ከሚያክል ውኃ ሲቀል ነው። የጣና ታንኳ በደንገሉ ውስጥ ባለው አየር ይንሳፈፋል፤ ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ታንኳው እየከበደ ስለሚወርድ ባለቤቱ ከዳር አውጥቶ ያደርቀዋል። የገብስ ዘርም በዚሁ ይፈተናል። ፍሬው ያልሞላ ወይም ነቀዝ የቦረቦረው ዘር ይቀላል፤ በንጹሕ ውኃ ግን ከፊሉ ይሰጥማልና አይለይም። ውኃው በጨው ሲከብድ ይለያል። ለ10 ሊትር ውኃ ከአንድ ኪሎ ጥቂት ተረፍ የሚል ጨው ይሟሟል፤ ልኩ የሚታወቀው በዕለቱ የተጣለ እንቁላል ከሥር ተነሥቶ ብቅ ሲል ነው። መድኃኒት ያልነካው ዘር ይጨመርና አረፋው እንዲለቀው በእጅ ይማሰላል። የተንሳፈፈው ይገፈፋል፤ የሰጠመው ጨው እንዳይጎዳው ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ይታጠብና ከጥላ ተሰጥቶ ይደርቃል። የተገፈፈውም ታጥቦ ለዶሮ ይሆናል።