ባለቤቱ ጎረቤት ሲሆን፣ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ሲሆን

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ትልቁ ተስፋ ሥራ ነበር፤ ሥራውም ተገኘ። ከሲዳማ የገጠር ቀበሌዎች የመጡ ወጣት ሴቶች በሺዎች ተቀጠሩ። ሸሚዙን የሚያዙት ኩባንያዎች ግን አሜሪካና አውሮፓ፣ የብዙዎቹ ፋብሪካዎች ባለቤቶች ደግሞ እስያ ነበሩ። ሠራተኞቹ አንዲት ጠባብ ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይተው ሲኖሩ፣ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚወስኑት ሰዎች በዚያ ሰፈር የሚያልፉበት ምክንያት አልነበራቸውም። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት መሠረት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በባንግላዴሽ 95። የሰሜኑ ጦርነት ተባብሶ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ ከአጎዋ እንደምታስወጣ ባስታወቀች ሰሞን፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ የፓርኩ ዋና መስህብ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አሳወቀ።

የአሜሪካዊው አሮን ፎየርስታይን ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት አያቱ የመሠረቱት ማልደን ሚልስ የተባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 በእሳት ወደመ። የ70 ዓመቱ ባለቤት የኢንሹራንስ ካሳውን ይዞ ሥራውን ጉልበት ወደሚረክስበት አገር ማሻገር ይችል ነበር። እሱ ግን እዚያው መልሶ ገነባ፤ ሥራ ለፈቱት ሠራተኞችም ለወራት ደመወዛቸውን ከፈለ። ለአካባቢው ሕዝብ ኃላፊነት እንዳለበት በአደባባይ ይናገር ነበር። ይሁንና ዕዳው ስለከበደ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2001 ኪሳራ አወጀ። የአንድ ሰው ደግነት ብቻውን ሠራተኛን እስከ መጨረሻው አይጠብቅም።

ቅርበት ሌላም ጣጣ አለው፤ እኛ ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን። አሠሪው የአጎቷ የዕድር ጓደኛ የሆነላት ልጅ ስትታመም ትጠየቃለች፣ ለቅሶ ሲደርስባት ፈቃድ አትከለከልም። የጡረታ መዋጮዋ ሳይከፈል ሲቀር ግን «ያስቀጠረኝን ሰው እንዴት ላዋርድ?» ብላ ዝም ትላለች። ይሉኝታ አሠሪውን ከጭካኔ ይመልሳል፤ ሠራተኛዋንም ከመብቷ ይመልሳታል።

ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሰፈሩን የሚያውቅ አሠሪና ማንንም የማያውቅ ሕግ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት የደመወዝ ወለል ሳይኖረው ቆይቷል። መንግሥት የጻፈውን አንቀጽ ይፈጽም፤ ባለሀብቶችም ውል ከመፈረማቸው በፊት ሠራተኞቻቸው የሚያድሩበትን ቤት ሄደው ይዩ።