ሊክ የማን ናት? ብሉዝ ሮክን በኦርጋን ስለ መልመድና ስለ መኮረጅ

የሕግ ትምህርት ከሚያወርሰን አመሎች አንዱ ማንኛውንም ነገር ‹‹የማን ነው?›› ብሎ መጀመር ነው። ቦታውም፣ ቤቱም፣ የአጥሩ ወሰንም ባለቤት ካልተገኘለት እንቅልፍ አይወስደንም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ማታ ማታ ከኪቦርድ ፊት ተቀምጬ ብሉዝ ሮክ መለማመድ ስጀምር ይኸው ጥያቄ ተከትሎኝ መጣ። የምለማመዳት አጭር የዜማ ሐረግ ከአንድ አሜሪካዊ የኦርጋን ተጫዋች ሰምቼ የወሰድኳት ናት። እሱም ከሌላ ሰምቶ ነው የወሰዳት፤ ያም ከሌላ። ታዲያ የማን ናት?

ጥያቄው የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። በሥራቸው አንቱ የተባሉ ወዳጆቼ ለራሳቸው ብለው ኪቦርድ ይገዙና በሦስተኛው ወር ጨርቅ አልብሰው ጥግ ያስይዙታል። ‹‹ጊዜ አጣሁ›› ይላሉ። እኔ ግን ሌላ ምክንያት ይታየኛል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ‹‹አትኮርጅ›› እየተባለ ያደገ ሰው የሌላውን ዜማ ኖታ በኖታ መቅዳት የሌብነት ያህል ይከብደዋል። ስለዚህ ‹‹መጀመሪያ ቲዎሪውን ልጨርስ፣ ከዚያ የራሴን እፈጥራለሁ›› ይላል። ብሉዝ ደግሞ በዚያ በር አያስገባም።

ሊክ የሚባለው ከሙሉ ዜማ ያነሰ፣ ከአንድ ኖታ የበለጠ ሐረግ ነው። በንግግራችን ውስጥ ‹‹እንግዲህ ምን ይደረጋል›› እንደምንለው ያለ ነው፤ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ ሁሉም ግን በየቦታው ይጠቀምበታል። ጥሩ ተናጋሪ የሚያሰኘውም ሐረጉን መፍጠር ሳይሆን የት ላይ እንደሚያስገባው ማወቅ ነው።

ወደ መሣሪያው እንግባ። በብሉዝና በሮክ ዓለም ‹‹ኦርጋን›› ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ሃሞንድ ነው። ሎረንስ ሃሞንድ ሙዚቀኛ አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ሰዓት የሚሠራ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። ኦርጋኑን እ.ኤ.አ. በ1935 ለሕዝብ ሲያሳይ ያሰባቸው ገዢዎች የቧንቧ ኦርጋን ለማስተከል አቅም ያነሳቸውን አብያተ ክርስቲያናት ነበር። የአገሩ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ግን ‹‹ከቧንቧ ኦርጋን ይተካከላል›› የሚለው ማስታወቂያ ሸማቹን ያሳስታል ብሎ ኩባንያውን ከሰሰ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የጸሎት ቤት ውስጥ ሁለቱ ኦርጋኖች ተራ በተራ እየተመቱ አድማጮች እንዲለዩዋቸው ተደረገ፤ አድማጮቹም በርካታ ጊዜ ተሳሳቱ። ያም ሆኖ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1938 ማስታወቂያው እንዲታረም አዘዘ። እኔ ትእዛዙ ትክክል ነበር እላለሁ። ሃሞንድ የቧንቧ ኦርጋን አይደለም። ሌላውን ለመምሰል ተሠርቶ ሳይመስል ቀረና፣ በጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ ቀጥሎም በምሽት ክለቦች ውስጥ የራሱን ጠባይ አወጣ።

የሳጥኑ ውስጥ ነገር ደግሞ የሰዓት ሠሪ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። በሞተር የሚዞሩ፣ ጠርዛቸው ጥርስ ያወጣ ትንንሽ የብረት ጎማዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውና በጣም የታወቀው ቢ-3 የተባለው ሞዴል 91 ጎማዎች አሉት። የሞተሩን ፍጥነት የሚወስነው የኤሌክትሪክ መስመሩ ስለሆነ፣ ለአሜሪካ 60 ኸርዝ የተሠራ ሃሞንድ በእኛ 50 ኸርዝ መስመር ላይ ቢሰካ፣ ቮልቴጁ ቢስተካከልለት እንኳ፣ ድምፁ ሦስት ሴሚቶን ያህል ወርዶ ይሰማል። ክብደቱም ከ150 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ለዚህ ሁሉ ማን ትከሻ አለው? ዛሬ ለማጅ የሚጠቀመው ዲጂታሉን ነው። በየቤቱ ያለው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ‹‹ሮክ ኦርጋን›› ወይም ‹‹ጃዝ ኦርጋን›› የሚል ድምፅ አያጣም፤ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ከበሮውንና ባሱን በራሱ የሚደረድረውን ቁልፍ ብቻ ያጥፉት። እሱን በሠርግ ቤት ጠግበነዋል።

ፒያኖ ላይ ጣት ሲከብድ ድምፁ ይጎላል፤ ከተመታ በኋላም እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። ኦርጋን ላይ ቁልፉን በቡጢ ቢመቱትም በላባ ቢነኩትም ድምፁ ያው ነው፤ ጣት እስኪነሳ ድረስም አይደክምም። ፒያኖ የለመደ ሰው ኦርጋን ላይ ሲቀመጥ ጨዋታው ሕይወት የሚያጣበት ምክንያት ይህ ነው። ስሜት የሚገለጸው ኖታው በተያዘበት ርዝመት፣ በተለቀቀበት ቅጽበትና ቀኝ እግር የድምፅ ፔዳሉን በሚረግጥበት ልክ ነው። ጀማሪ ስለ መምታት ይጨነቃል፤ የኦርጋን ጥበብ ግን ግማሹ ጣትን ማንሳት ነው።

ድምፁን የሚቀርጹት ‹‹ድሮውባር›› የሚባሉት ተጎታች ዘንጎች ናቸው። ለአንድ ቅንብር ዘጠኝ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 8 ይሳባሉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እስከ መጨረሻው ስቦ ሌሎቹን መተው፣ በተጫዋቾች አጻጻፍ 888000000፣ በጂሚ ስሚዝ የታወቀ ቅንብር ነው፤ ለብሉዝ መነሻ ይሆናል። ለሮክ አራተኛውን ይጨምሩ፤ ጩኸት ሲያስፈልግ ዘጠኙንም ይሳቡ። ‹‹ፐርከሽን›› የምትባል ማብሪያም አለች፤ ኖታው ሲጀምር ጠቅ የምትል ጠርዝ ትሰጠዋለች። የምትሰማው ግን ጣቶች ሁሉ ከተነሱ በኋላ በሚመታው ኖታ ላይ ብቻ ነው። ኖታውን ከኖታ ካያያዙት የመጀመሪያው ብቻ ጠቅ ይላል፣ ቀሪው ለስላሳ ሆኖ ይፈሳል። እንግዲህ አንድን ሊክ በጣት አነሳስ ብቻ ሁለት ዓይነት መልክ መስጠት ይቻላል ማለት ነው።

የኖታዎቹ ነገር ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ከላ እንነሳ፦ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። አምስቱም ነጭ ቁልፎች ናቸው። ይህን ድርድር የእኛ ሙዚቀኞች ባቲ ማይነር ይሉታል፤ ጆሮአችን ለብሉዝ እንግዳ አይደለም። ብሉዝ የሚጨምረው አንዲት ኖታ ነው፤ በሬና በሚ መካከል ያለችውን ጥቁር ቁልፍ። እሷ ላይ አይቀመጡባትም፤ ረግጠዋት ያልፋሉ። ልዩነቱ ያለው ከዜማው ሥር ነው። ብሉዝ በሦስት ኮርዶች በአሥራ ሁለት ባር ይዞራል፦ አራት ባር ላ፣ ሁለት ባር ሬ፣ ሁለት ባር ላ፣ አንድ ባር ሚ፣ አንድ ባር ሬ፣ ሁለት ባር ላ። ግራ እጅ የላ ሜጀር ኮርድ ሲይዝ በውስጡ ያለው ዶ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው ነው፤ ቀኝ እጅ የሚጫወተው ግን ተራውን ዶ ነው። ሁለቱ ይጋጫሉ። ብዙ ለማጆች ይህን ሲሰሙ ጣታቸው የሳተ መስሏቸው ይደነግጣሉ፤ ቅመሙ ግን ያ ግጭት ነው።

አሁን ሊኳን ራሷን እንያት። በቀኝ እጅ ትንሿ ጣት ከፍ ያለውን ላ ተጭነው ይያዙ፤ እንዳይለቁት። በሌሎቹ ጣቶች ከሥሩ ጥቁሯን ቁልፍ ነክተው ወደ ሚ ይንሸራተቱ፣ ከዚያ ሬ፣ ከዚያ ዶ። በቃ ይኸው ነው። የጊታር ተጫዋች ክሩን ገፍቶ ኖታውን ያጣምመዋል፤ ማሲንቆም ኖታን ያንሸራትታል። ኦርጋን መጣመም ስለማይችል በምትኩ ጣቱ ከጥቁሯ ወደ ነጯ ሸርተት ይላል። ላይ የተያዘው ላ ደግሞ ፒያኖ ላይ ቢሆን እየከሰመ ይሄድ ነበር፤ እዚህ ግን እንደ ጣሪያ ይቆማል። ያችኑ ሊክ ሳይቀይሩ ግራ እጅዎን ወደ ሬ ኮርድ ያዛውሩ። ያው ላ አሁን የሬ አምስተኛ ሆኖ ጠባዩ ይለወጣል። ወደ ሚ ኮርድ ሲዛወሩ ደግሞ ይወጠራል፣ ልቀቁኝ ይላል። አንዲት ሊክ በሦስት ኮርዶች ላይ ሦስት ነገር ትናገራለች። ሃምሳ ሊክ ከመሰብሰብ ይህችን አንዷን ለአንድ ወር አሥራ ሁለቱን ባር ማዞር ይሻላል ባይ ነኝ። ጣቴም ቢሆን እንደ ሃያ ዓመት ወጣት ስለማይፈጥን ምክሩ ለእኔም ይመቸኛል።

የሚዞረው የድምፅ ማጉያ ሳይነሳ ስለ ኦርጋን ተወራ አይባልም። ዶናልድ ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ በስሙ የሚጠራውን ሳጥን ሠራ፤ ላይኛው ክፍል የሚሽከረከር ቀንድ፣ ታችኛው ለጎርናና ድምፅ የሚሽከረከር ከበሮ አለው። ሃሞንድ ራሱ ይህን ሳጥን አልወደደውም፤ ሙዚቀኞች ግን ያለሱ አንቀመጥም አሉ። ፍጥነቱ ሁለት ነው፣ ዝግታና ጥድፊያ። ቁም ነገሩ ያለው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ነው፤ ቀንዱ ቶሎ ይፈጥናል፣ ከበሮው ዘግይቶ ይደርሳል፣ በመካከል ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሊኳን በዝግታው ይጀምሩና የመጨረሻውን ኖታ ይዘው ወደ ጥድፊያው ይለውጡ። በብዙ ኪቦርዶች ላይ ይህን የሚሠራው በግራ በኩል ያለው ትንሽ ጎማ ነው።

ከማን እንኮርጅ? ከቡከር ቲ ጆንስ መጀመር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1962 ‹‹ግሪን አንየንስ›› የተባለውን ሙዚቃ ሜምፊስ ውስጥ ሲቀርጽ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ አሥራ ሁለት ባር ነው፣ ኖታው ጥቂት ነው፣ በኖታዎቹ መካከል ያለው ዝምታ ይቆጠራል። ግሬግ ኦልማን ከወንድሙ ጋር በመሠረተው ባንድ ውስጥ ኦርጋኑን ለጊታሮች ምንጣፍ አድርጎ እንዴት እንደሚያነጥፍ ይስሙ። ጩኸት የሚወድ የዲፕ ፐርፕሉን ጆን ሎርድን ይስማ፤ ሃሞንዱን በጊታር ማጉያ ውስጥ አሳልፎ ድምፁን ሻካራ አደረገው። አሰማሙ ግን እንደ ሬዲዮ አይሁን። አራት ሰከንድ ይስሙ፣ ያቁሙ፣ በአፍዎ ያንጎራጉሩት፤ በአፍ ያልወጣ ሊክ በጣት አይወጣም።

ከእኛም ኃይሉ መርጊያ አለ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋኒስት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን ‹‹ቸ በለው›› አልበም የሰማ ሰው የኦርጋን ሐረግ በእኛ ቅኝት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለሥራ አሜሪካ ሄዶ እሱ እዚያው ቀረ፤ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን በመኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ እንደነበር በተደጋጋሚ ተዘግቧል። የቆየ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ወጣ፤ በ2018 ደግሞ ‹‹ላላ በሉ›› የተባለውን አዲስ አልበም አወጣ። ‹‹ጊዜ አጣሁ›› የሚሉኝን ወዳጆቼን የማስታውሳቸው በዚህ ነው።

ወደ መነሻ ጥያቄዬ ልመለስ። ይህን ነገር የእኛ የአብነት ትምህርት ቤት ቀድሞ ፈትቶታል ብል ድፍረት አይሆንም። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ እየሰማ፣ እየቀጸለ ከርሞ የራሱን ማውጣት ሲጀምር ‹‹ቅኔ ዘረፈ›› ይባላል። ከየትኛውም የወንጀል ሕግ ውጪ ዘረፋ ሙገሳ የሆነበት ቦታ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሊክም እንዲሁ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ ጥበቃ የሚሰጠው ወጥ ለሆነና ግዙፍነት ላገኘ ሥራ ነው። ከላ ወደ ዶ የምትወርድ አራት ኖታ ወጥ ናት ብሎ የሚሟገት ጠበቃ ቢመጣ፣ ችሎቱ ከቡከር ቲም ከኦልማንም በፊት የነበሩትን ሁሉ መጥራት ሊኖርበት ነው። ቤት ውስጥ ለራስ መጫወት ደግሞ ማንንም አያስከስስም።

ወሰን ግን አለው። ማቲው ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1967 የፕሮኮል ሃረም ባንድ ኦርጋኒስት ሆኖ ‹‹ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል›› በተባለው ዘፈን መግቢያ ላይ የሚሰማውን የኦርጋን ዜማ ተጫወተ። በደራሲነት ስሙ አልገባም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሰሰ፤ በ2006 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከዘፈኑ የሙዚቃ መብት 40 በመቶውን ወሰነለት። በ2008 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 38 ዓመት ዘግይተሃል ብሎ ክፍያውን ነፈገው። በ2009 የጌቶች ምክር ቤት የመጀመሪያውን ውሳኔ መለሰለት፤ ክፍያውም ካለፈው ሳይሆን ክሱ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ የሚታሰብ ሆነ። የፊሸር ሥራ ሊክ አልነበረም፤ ዘፈኑ የሚታወቅበት የቆመ ዜማ ነበር። ከአራት ኖታ ተነስቶ እዚያ የሚደረስበት መስመር የት እንደሆነ የሚወሰነው በየጉዳዩ ነው።

በአገራችን የኪቦርድና የኦርጋን ተጫዋቾች ስንት መግቢያ ዜማ እንደፈጠሩ፣ ከካሴቱ ሽፋን ላይ ግን ስማቸው በአጫዋችነት ብቻ እንደተጻፈ የሚያውቅ ያውቃል። ስለዚህ ለልምምድ የማንንም ሊክ ያለ ይሉኝታ ይቅዱ። ከጓደኞችዎ ጋር ሆነው የሚቀረጽ ነገር ለመሥራት ስቱዲዮ የገቡ ዕለት ግን፣ ቀረጻው ሳይጀመር በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ መግቢያውን ማን እንዳወጣ፣ ዜማውን ማን እንደደረሰ፣ ድርሻውም ስንት በመቶ እንደሆነ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ ቀኑንም አትርሱ።