ደብዳቤያችንን በር ላይ የሚፈትሸው ማነው?

አያቴ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ከጠበቁ ወራት አልፈዋል። በተገናኘን ቁጥር «ልጄ፣ ከሐኪም ቤቱ ምንም አልመጣም?» ይሉኝ ነበር። ለካ ደብዳቤው መጥቷል። ባለፈው ዐርብ ለሰንበት ዳቦ እያቦኩ ሳለ ስልካቸውን ተቀብዬ ኢሜይላቸውን ስከፍት፣ «ስፓም» በሚባለው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ቀጠሮው ካለፈ አምስት ቀን ሆኖታል። በዋናው ሣጥን ውስጥ ደግሞ ማንም ያልከለከለው ሌላ መልእክት ነበር፦ «ጥቅል መጥቶልዎታል፣ 12 ሰቅል ለመክፈል የካርድ ቁጥርዎን ያስገቡ» ይላል። የአጭበርባሪ ነው፤ አያቴ ምንም ጥቅል አይጠብቁም።

ሁለቱንም ሳነብላቸው እጃቸውን ከሊጡ አወጡና፣ «ታዲያ ይኼ ዘበኛ እንግዳውን መልሶ ሌባውን አስገባ ማለት ነው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው የሁላችንም ነው። ዛሬ የሐኪም ቀጠሮ፣ የባንክ ወረቀት፣ የቢቱዋህ ሌኡሚ ማስታወቂያ ሳይቀር በኢሜይል እየመጣ ነው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ማነው? በምንስ ይፈርዳል?

ኢሜይል ከላኪው ስልክ በቀጥታ ወደ እርስዎ ስልክ አይመጣም። መጀመሪያ ሰርቨር የሚባል፣ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ ኮምፒዩተር ይቀበለዋል። እሱ ደግሞ ለእርስዎ ሰርቨር ያስረክባል፤ እዚያ ተፈትሾ ሣጥንዎ ውስጥ ይገባል። ይህን ከሚሠሩት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ አሠራራቸውም የተደበቀ አይደለም። የፈለገ ባለሙያ ከፍቶ ያያቸዋል፣ ስሕተት ካገኘም ያርማል። «ኦፕን ሶርስ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ከታወቁት አንዱ ፖስትፊክስ ነው። በ1998 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ የሠራው ቪትሴ ቬኔማ የሚባል የኔዘርላንድ ተወላጅ ነው። ያኔ ኒውዮርክ ውስጥ በአይ.ቢ.ኤም የምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። ቬኔማ ሥራውን ሁሉ ለአንድ ትልቅ ፕሮግራም ከመስጠት ለብዙ ትንንሾች አከፋፈለው፤ አንዱ ይቀበላል፣ ሌላው ወረፋ ያስይዛል፣ ሌላው ያደርሳል። በር የሚከፍተው የጎተራውን ቁልፍ አይዝም። ስለዚህ ሌባ በረኛውን ቢያታልል እንኳ ቤቱን ሁሉ አያገኝም።

የሚፈርደው ደግሞ ሌላ ነው። ስፓምአሳሲን የሚባለውን ማጣሪያ አየርላንዳዊው ጀስቲን ሜሰን በ2001 አወጣው። የዚህ ፕሮግራም አፈራረድ ለእኛ ሽማግሌዎች እንግዳ አይሆንም፤ ኦሪት በአንድ ምስክር አትፍረዱ እንደምትለው፣ እሱም ብዙ ምስክር ይሰበስባል። የላኪው አድራሻ አጠራጣሪ ከሆነ ነጥብ ይጨምራል። «አሁኑኑ ይክፈሉ» የሚል ቃል ካገኘ ይጨምራል። ላኪው እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይ ማኅተም ካገኘ ይቀንሳል። ባለቤቱ ካልቀየረው በቀር ድምሩ 5 ሲሞላ ደብዳቤውን ስፓም ይለዋል።

ሌላም ብልሃት አለ። አንዳንድ ሰርቨሮች የማያውቁት ላኪ ሲመጣ «ቆይተህ ተመለስ» ይሉታል። እውነተኛ ሰርቨር ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፤ ፖስትፊክስ ለምሳሌ እስከ 5 ቀን ደጋግሞ ይሞክራል። በአንድ ጊዜ ለሚሊዮን ሰው የሚበትን አጭበርባሪ ግን ብዙ ጊዜ ለመመለስ ትዕግሥት የለውም።

ትልልቆቹ የኢሜይል ኩባንያዎች የየራሳቸው ማጣሪያ አላቸው፤ መንገዳቸው ግን ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሁሉም ይሳሳታሉ። ከሐኪም ቤት በኮምፒዩተር ለብዙ ሰው የሚላክ ደብዳቤ ማስታወቂያ ሊመስል ይችላል። አጭበርባሪ ደግሞ የአንድ ጨዋ ሰው ኢሜይል ሰርቆ በእሱ ስም ከላከ፣ አጭር መልእክቱ ሰላማዊ መስሎ ያልፋል።

ደግነቱ ማጣሪያው ይማራል። የስፓምአሳሲን የመማሪያ ክፍል መፍረድ የሚጀምረው 200 መጥፎና 200 ጥሩ ደብዳቤ ከታየው በኋላ ነው። የሚያስተምረው ደግሞ ሰው ነው። ከስፓም ሣጥን አንድ ደብዳቤ አውጥተው «ስፓም አይደለም» የሚለውን ሲጫኑ፣ ዘበኛውን እያረሙት ነው።

ስለዚህ እነዚህን ያስታውሱ፦

በሳምንት አንድ ጊዜ «ስፓም» ወይም «ዶአር ዜቬል» የተባለውን ሣጥን ይክፈቱ፣ ወይም የልጅ ልጅዎን ያስከፍቱ። በተለይ ቀጠሮ የሚጠብቁ ከሆነ አይርሱት።

የላኪውን ስም አይመኑ፤ ስም ማንም ይጽፋል። ሽትሩዴል ከምንለው ምልክት በኋላ ያለውን አድራሻ ይዩ።

የካርድ ቁጥርም ሆነ የይለፍ ቃል በኢሜይል ለጠየቀ አይስጡ። ከተጠራጠሩ፣ በደብዳቤው ላይ ወዳለው ቁጥር ሳይሆን ከዚህ በፊት ወደሚያውቁት የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ይደውሉ። የብሔራዊ ሳይበር መሥሪያ ቤት ስልክም አለ፤ 119 ነው።

ፈቃድዎን ሳይሰጡ የንግድ ማስታወቂያ የሚልክልዎ ካለ ሕግ አለ። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት፣ ጉዳት ደረሰብኝ ብለው ማስረዳት ሳያስፈልግዎ ፍርድ ቤት ለአንድ መልእክት እስከ 1,000 ሰቅል ካሳ ሊወስንልዎ ይችላል።

አያቴ እሑድ ጠዋት ደውለን አዲስ ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል፤ እንደገና ወራት መጠበቅ አለባቸው። አሁን ግን ሐሙስ ሐሙስ መነጽራቸውን አድርገው ያንን ሣጥን ራሳቸው ይከፍታሉ። «ዘበኛውን እኔም ልጠብቀው እንጂ» ይላሉ።