ሳይደፈርስ አይጠራም? የጨው ውኃ አኳሪየም ጉዳይ

"ሳይደፈርስ አይጠራም" የሚለውን አባባል ከፖለቲከኞቻችን አንደበት ደጋግመን ሰምተነዋል፡፡ ለአገር ጉዳይ መሥራቱን እኔ እጠራጠራለሁ፡፡ በመኖሪያ ቤት ለሚቀመጥ የጨው ውኃ አኳሪየም ግን አንዳንዴ ቃል በቃል ይሠራል፡፡ አንዳንዴ ደግሞ አባባሉን አምኖ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ዓሦቹን በአንድ ሌሊት ያስጨርሳል፡፡ ቁም ነገሩ የትኛው መደፍረስ የትኛው እንደሆነ መለየቱ ላይ ነው፡፡

የጨው ውኃ አኳሪየም የባሕር ዓሣን፣ አንዳንዴም ኮራልን በመስታወት ገንዳ ውስጥ ማኖር ነው፡፡ የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል የሟሟ ጨው አለው፡፡ ታዲያ "ጨው ከሆነ የአፍዴራ ጨው ምን አነሰው?" የሚል አይጠፋም፡፡ የወጥ ቤት ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ነው፡፡ እነዚህ ሁለቱ ከባሕር ጨው 85 በመቶ ያህሉን ቢይዙም፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሰልፌት የሚገኙት በቀሪው ውስጥ ነው፤ ያለ እነሱ ደግሞ የባሕር ፍጡር አይኖርም፡፡ ስለዚህ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ተገዝቶ፣ በሌላ ዕቃ ውስጥ በንጹህ ውኃ በደንብ ከሟሟ በኋላ ወደ ገንዳው ይገባል፡፡ ዓሣ ባለበት ገንዳ ውስጥ ጨው በቀጥታ የሚበትን ሰው ውኃውንም ያደፈርሳል፣ ዓሣውንም ያቃጥላል፡፡

ውኃው ሲደፈርስ መቅደም ያለበት ጥያቄ "ምን ልጨምርበት?" አይደለም፡፡ መቼ ደፈረሰ? ቀለሙ ምን ይመስላል? ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ምን ተደርጎ ነበር? ሕግ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ማስረጃ ሳይሰማ ወደ ፍርድ መሄድ የሚያስከትለውን ያውቃል፡፡ እዚህም ከዚያ የተለየ ነገር የለም፡፡

ገንዳው አዲስ ከሆነና አሸዋው በገባ በሰዓታት ውስጥ ከደፈረሰ ጥፋተኛው በደንብ ያልታጠበ አሸዋ ነው፡፡ አቧራው በሁለትና በሦስት ቀን ይዘቅጣል፣ ወይም በማጣሪያው ጥጥ ላይ ይቀራል፡፡ ውኃው አረንጓዴ ከሆነ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች በዝተዋል ማለት ነው፡፡ ምግባቸው ብርሃን፣ ናይትሬትና ፎስፌት ስለሆነ ገንዳውን ከመስኮት ፀሐይ ማራቅና የምግብ መጠን መቀነስ ይበጃል፤ አቅም ያለው የአልትራቫዮሌት መብራት ያስገባል፡፡ በባትሪ ሲታይ ጉም የመሰለው ነገር ጥቃቅን የአየር አረፋ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው፡፡ የውኃውን ከፍታና የቱቦውን መገጣጠሚያ ማየት በቂ ነው፡፡

ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎችን የሚያስደነግጠው ግን እንደ ኖራ ነጭ የሚሆነው ነው፡፡ ይህ የሚመጣው ካልሲየምና አልካሊኒቲ የሚጨምሩ መድኃኒቶች አንድ ላይ ወይም በብዛት ሲጨመሩ ነው፡፡ ሁለቱ ተገናኝተው ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ጠመኔ ይሆናሉ፡፡ ማግኒዚየም ያነሰበት ውኃ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፡፡ መፍትሔው መጨመር ማቆም፣ መለካትና መጠበቅ ነው፡፡ ብዙዎች "መድኃኒቱ አነሰ" ብለው ይደግሙና ይባስ ያነጡታል፡፡

አሁን ወደ ዋናው ተከሳሽ እንምጣ፡፡ ምንም አዲስ ነገር ሳይጨመር ውኃው በአንድ ቀን ውስጥ ወተት የነካው፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ ሲሆን፣ በውኃው ውስጥ ባክቴሪያ ተራብቷል፡፡ ምክንያቱ ባክቴሪያው የሚበላው ነገር ማግኘቱ ነው፤ የተረፈ የዓሣ ምግብ፣ ከድንጋይ ሥር የሞተ ዓሣ ወይም ቀንድ አውጣ፣ ባልበሰለ ገንዳ ውስጥ በአንዴ የገቡ በርካታ ዓሦች፡፡ ባክቴሪያው ሲራባ ኦክስጅኑን ከዓሦቹ ይሻማል፡፡ ከብስባሹ ደግሞ አሞኒያ ይወጣል፡፡ የባሕር ውኃ ፒኤች 8.2 አካባቢ ስለሆነ፣ ፒኤቹ 7 ከሆነ ጨው አልባ ውኃ ጋር ሲነጻጸር፣ ከዚያው የአሞኒያ መጠን ውስጥ መርዛማ የሚሆነው ክፍል በብዙ እጥፍ ይበልጣል፡፡

ዱባይ የሚኖር አንድ ወዳጄ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመው ቤተሰቡን አስተባብሮ ዘመቻ ከፈተ፡፡ ውኃውን በሙሉ ደፋ፣ ድንጋዩንና የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ አጠበ፣ ገንዳውን አዲስ በተበጠበጠ የጨው ውኃ ሞላው፡፡ ማታውን ውኃው እንደ ጠበል ጠርቶ ነበር፡፡ በሦስተኛው ቀን አንድም ዓሣ አልተረፈም፡፡ ለምን ቢባል፣ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በድንጋዩ፣ በአሸዋውና በስፖንጁ ላይ ነበር፤ በቧንቧ ውኃው ክሎሪን ተፈጁ፡፡ ውኃውን ያደፈረሱት ሌሎች ናቸው፡፡ ያጠፋው ሌላ፣ የተቀጣው ሌላ ሆነ፡፡ አዲስ ገንዳ እነዚህን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ለማፍራት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል፡፡ ለገበያ የሚቀርቡት የባሕር ዓሦች አብዛኞቹ በእርባታ የተገኙ ሳይሆኑ ከኮራል ሪፍ የተጠመዱ መሆናቸው ሲታሰብ፣ ጥድፊያው የሚያስከፍለው የኪስ ገንዘብ ብቻ አይደለም፡፡

እንግዲህ አስቀድሞ አሞኒያውን መለካት ነው፤ መለኪያው ዓሣ በሚሸጥበት ይገኛል፡፡ አሞኒያው ዜሮ ከሆነና ዓሦቹ በደህና ከተነፈሱ፣ ለሁለት ለሦስት ቀን ምግብ ማቆም፣ የፓምፑን አፍ ወደ ውኃው ገጽ አዙሮ አየር እንዲገባ ማድረግና መተው፡፡ ይሄኛው በእርግጥም ሳይደፈርስ የማይጠራው ነው፡፡ ጤነኛ የሆነ ትልቅ ዓሣ በሦስት ቀን ጾም አይሞትም፡፡

አሞኒያ ከታየ ወይም ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር የሚሹ ከሆነ ግን መጠበቅ የለም፡፡ የሞተ ካለ ፈልጎ ማውጣት፣ ከውኃው ከ20 እስከ 30 በመቶውን በጨውም በሙቀትም እኩል በሆነ ውኃ መለወጥ፣ በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣውን ስኪመር ማጠንከር፣ በማግሥቱም ለክቶ እንዳስፈላጊነቱ መድገም ነው፡፡ ድንጋዩም ስፖንጁም አይነካም፡፡ "ውኃ ያጠራል" ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ እዚህ ላይ አልመክርም፤ አሞኒያው እያለ ውኃውን ብቻ ማጥራት ማስረጃ እንደማጥፋት ነው፡፡

ይህን ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ለመሞከር ለሚያስብ ሁለት ነገር ልጨምር፡፡ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውኃው ሊይዝ የሚችለውም ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል፡፡ ስለዚህ ዱባይ ላይ የማይጎዳ መደፍረስ እዚህ ሊገድል ይችላል፡፡ ሁለተኛው መብራት ነው፡፡ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፡፡ መብራቱ ለሰዓታት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ፣ ማጣሪያው በክዳን የሚዘጋው ዓይነት ከሆነ፣ ከመቀስቀሱ በፊት ውስጡ ታፍኖ የቆየው ውኃ ይደፋ፤ ያ ውኃ ኦክስጅን ያለቀበትና የበሰበሰ ሊሆን ስለሚችል ወደ ገንዳው መመለስ የለበትም፡፡