ያልተወለደው ልጅና ያላደገችው እናት

ውርጃ ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም? በወጣቶች ጉባኤና በባለትዳሮች ኅብረት ይህ ጥያቄ ሲነሣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄውን ይቀድመዋል። ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ጽንሱንም በማኅፀን የሠራው እርሱ ነው፤ ስለዚህ ማስወረድ ስሕተት ነው እንልና «አሜን» ብለን እንበተናለን። መልሱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያረገዘችው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ብትሆንስ? ከመልሱ ቀጥሎ ምን እንደምንላት፣ ምንስ እንደምናደርግላት ያሰብን ስንቶቻችን ነን?

ሕጉ በትክክል ምን ይላል?

ከምእመናን መካከል «ውርጃ በአገራችን ፈጽሞ የተከለከለ ነው» የሚሉ አሉ። «አሁንማ ሕጉ ፈቅዷል» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውርጃን የፈቀደው የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ለከባድና ዘላቂ አደጋ ሲጋለጥ ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ሴቶች በድብቅ፣ ሙያው በሌላቸው ሰዎች እጅ ያስወርዱ ነበር፤ በአገሪቱ ለእናቶች ሞት ዋነኛ ምክንያት ከሆኑት አንዱም ይኸው ነበር። ሕጉ ሲሻሻል የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞችና የሴቶች መብት ተሟጋቾች በአንድ ወገን፣ የሃይማኖት ሰዎች በሌላ ወገን ሆነው ብርቱ ክርክር አደረጉ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) የያዘው መካከለኛውን መንገድ ነው።

በዚህ ሕግ ጽንስ ማስወረድ በመሠረቱ አሁንም ወንጀል ነው (አንቀጽ 545)። ድህነት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም፤ ነገር ግን እጅግ ከባድ ድህነት ቅጣትን ያቀላል (አንቀጽ 550)። አንቀጽ 551 ግን በአራት ሁኔታዎች ይፈቅዳል፦ እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ ጋር ከተፈጸመ ግንኙነት ሲመጣ፤ የእናቲቱ ወይም የልጁ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፤ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት፤ እርጉዟ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት አለዚያም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን። ተደፍራ ያረገዘች ሴት ቃሏ ብቻ በቂ ነው፤ ሌላ ማስረጃ አትጠየቅም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው የአፈጻጸም መመሪያም ስለ ዕድሜ የነገረችውን የጤና ባለሙያው እንዲቀበል ያዝዛል።

ውጤቱስ? ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 382 ሺህ፣ በ2014 ደግሞ ወደ 620 ሺህ ውርጃ እንደተፈጸመ ገምተዋል። በጤና ተቋም በሕጋዊ መንገድ የተፈጸመው ከመቶ 27 ወደ ከመቶ 53 አድጓል። ስለዚህ ሕጉ ብዙ ሴቶችን ከሞት መንገድ መልሷል ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ጠቅላላው ቁጥር አልቀነሰም፤ በ2014ም ቢሆን ግማሽ ያህሉ ከጤና ተቋም ውጭ ነበር። ለሕጉ የተከራከረም ሆነ የተቃወመ በእነዚህ ቁጥሮች ደስ ሊለው አይችልም።

የጎጃሟ ልጅ

ከአራቱ ሁኔታዎች «ለአካለ መጠን ያልደረሰች» የሚለውን ቆም ብለን እናስበው። ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ ጤፍ አብቃይ ደጋ ነው። በዚህ አካባቢና በመላው የጎጃም ደጋ ሴት ልጅን በለጋነቷ መዳር ለረጅም ዘመን የወላጅ ክብር ሆኖ ኖሯል። ወላጆች ይህን የሚያደርጉት ልጃቸውን ጠልተው አይደለም። ድንግልናዋ ሳይደፈር፣ እኛም ሳንሞት፣ ጥሩ ዘመድ ሳያመልጠን እያሉ ነው። በየጊዜው የተካሄዱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶችም የአማራ ክልል ሴቶች ልጆች እጅግ ቀድመው ከሚዳሩባቸው ክልሎች አንዱ መሆኑን አሳይተዋል።

የክልሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ግን የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648ም ዕድሜዋ 13 ወይም ከዚያ በላይ የሆነችን ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ልጅን መዳር የሚከለክለውና ልጅ ስታረግዝ ውርጃን የሚፈቅደው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው ሳይከበር ሲቀር ልጅቱ በሁለተኛው በር ትመጣለች። እኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድምፃችንን የምናሰማው በሁለተኛው በር ላይ ቆመን ነው።

ብትወልድስ? አጥንቷ ያልጠና ልጅ ምጥ ሲጠናባት፣ ሐኪም ቤቱም ሲርቅ፣ ሕፃኑ ይሞትና እርስዋ በፊስቱላ ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት ትቀራለች። በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጡት ክርስቲያን ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን ዕድሜያቸውን የሰጡት ለእንደነዚህ ያሉ ሴቶች ነው። የአዲስ አበባው ሆስፒታላቸው ቅርንጫፍ በ1997 ዓ.ም. በባሕር ዳር ተከፍቷል። እንግዲህ «ትውለድ» የሚል ሰው ይህንም ዋጋ ማወቅ አለበት።

በማእድ ቤታችን

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በአማራ ክልል ፕሮቴስታንቶች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ስለዚህ ብዙዎቻችን ጉንደ ወይንን አናውቃትም። ልጇን ግን እናውቃት ይሆናል። ከተዳሩበት ቤት ወይም ከታጩለት ጋብቻ ሸሽተው ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የሚመጡ ብዙ ልጃገረዶች ሥራ የሚያገኙት በቤት ሠራተኝነት ነው። በዚህ ምክንያት «ብሩህ ተስፋ» የተባለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአዲስ አበባ ድሃ መንደሮች ለእንደነዚህ ያሉ ልጆች ተቋቁሞ ነበር። እሑድ ለአምልኮ ስንወጣ ቤታችንን የምትጠብቀው ልጅ ከእነርሱ አንዷ ልትሆን ትችላለች። አርግዛ ስትገኝ «ቤታችንን አሰደበች» ተብላ ሻንጣዋ ከበር ይቀመጣል። ወዴት እንደምትሄድ እናውቃለን፤ ግን አንጠይቅም። አስረግዟት የተገኘው የቤቱ ሰው ከሆነ ደግሞ ዝምታው ይብሳል።

የእግዚአብሔር ቃል በመዝሙር 139 ጽንሱ በእግዚአብሔር ዓይን ፊት እንደተሠራ ያስተምረናል። በዘጸአት 21 ደግሞ ነፍሰ ጡርን የመታ ሰው ተጠያቂ እንደሆነ ተጽፏል፤ ሴቲቱም በእግዚአብሔር ፊት ጠያቂ አላት። የእናት ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅና ልጅ ስትደፈር ምን ይደረግ በሚለው ላይ ቃሉን የሚወዱ ወገኖች በአንድ ሐሳብ አልተስማሙም። አንዱ «ሕፃኑ ምን በደለ?» ይላል፤ ሌላው «አንድ ጊዜ በግድ የተወሰደባት ልጅ ሁለተኛ በግድ ትሸከም?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች ከባድ ናቸው። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ያልተወለደውን ሕፃን እናከብራለን የምንል ከሆነ፣ ልጅነቷን ያልጨረሰችውን እናቱን መጣል አንችልም።

ምን እናድርግ?

ልጅን ከሁለተኛው በር ማዳን እንደሚቻል ጎጃም ራሷ አሳይታለች። በይልማና ዴንሳ ወረዳ በሞሰቦ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 የተካሄደው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ለልጃገረዶች ደብተርና እርሳስ ሰጠ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ልጃቸውን ላልዳሩ ቤተሰቦችም አንዲት ፍየል ሸለመ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ባልደረሰበት አካባቢ ካሉት ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ከፍ ያሉት ልጃገረዶች ግን ማግባታቸው አልቀረም፤ በመሆኑም ሥራው በሁለት ዓመት የሚያልቅ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጃገረዶች ከትምህርት ገበታ መውጣታቸው ደግሞ ጉዳዩን የዛሬ አድርጎታል። ትምህርት ቤት ለእነርሱ ከጋብቻ የሚከልል አጥር ነበርና።

ባለትዳሮች፣ በቤታችሁ የምትሠራውን ልጅ ዕድሜዋን፣ አገሯንና ለምን እንደመጣች ጠይቋት። የማታ ትምህርት አስገቧት። አርግዛ ብትገኝ ከማባረራችሁ በፊት ማን እንደሆነ ስሟት፤ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ቢሆንም አትሸፍኑለት፤ ልጅን መድፈር ወንጀል ነው። ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፤ ሕጉ የሚላትንም ሳትቀንሱ ንገሯት፤ ልትወልድ ብትመርጥ ደግሞ የምታርፍበትን ቤት ስጧት። መጋቢያንና ሽማግሌዎች ሆይ፣ የሙሽራዪቱን ዕድሜ ሳታረጋግጡ ጋብቻ አትባርኩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ለሴቶች ያረጋገጠውን የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ በጥንዶች ኅብረት ውስጥ ያለ ኀፍረት አስተምሩ።

ጽንስ የሚጠበቀው በስብከት ብቻ አይደለም። እናቱ አድጋ፣ ተምራ፣ ወድዳ እንድታገባ የተከፈለውም ዋጋ ጽንስን ይጠብቃል። ጌታ ለዚህ ሥራ እጃችንን ያበርታ።