ደንገጎ ላይ የሚበላው ናፍጣ

ሐረር፣ ጊደር መጋላ ገበያ የሚነግዱ፣ ከድሬዳዋ ስኳርና ዘይት ያስጭኑኝ የነበሩ አንድ ሐጂ ነበሩ። ሒሳብ ልንተሳሰብ በተቀመጥን ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነበር። «አቦ አንተ ልጅ፣ ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ይህን ሁሉ ናፍጣ ምን በላው?» እኔም የሹፌር መልስ እመልስላቸው ነበር፤ «ዳገቱ ነው ሐጂ።» አንገታቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አያምኑኝም። ናፍጣው በጀሪካን ተቀድቶ የተሸጠ ይመስላቸዋል። እንዲህ የሚያደርግ ሹፌር የለም አልልም፤ አለ። የእኔ እጅ ንጹሕ ነበር፤ የቸገረኝ ማስረጃው ነው። ዛሬ መሪ ትቼ ጋራዥ ገብቻለሁ። እኛ የመኪና ሰዎች እርስ በርሳችን ብቻ የምናወራውን፣ ጭነት አስጫኙ ሲመጣ የምንዘጋውን ጨዋታ፣ ጠጋ ብዬ ልንገራችሁ።

ናፍጣውን የሚበላው ተሳቢው ነው። ሜዳ ላይ አይበላም፤ ዳገት ሲጀምር ነው አፉን የሚከፍተው።

በደህና አስፋልት፣ በሜዳ፣ አንድ ቶን ጭነት በጎማ ላይ ለመጎተት 10 ኪሎ የማንሳት ያህል ጉልበት ይበቃል። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ግን ሌላ 50 ኪሎ ይጨመርበታል። ያው ጭነት፣ ያው ጎማ፣ ያው ሹፌር ሆኖ ሸክሙ ስድስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከጅቡቲ በሜዳው ሲመጣ ከኋላ መኖሩ እንኳ የማይታወቅ ተሳቢ፣ ድሬን ለቆ ሽቅብ ሲዞር መኪናውን በጅራቱ ይዞ ወደ ኋላ የሚጎትት ያህል ይከብዳል።

ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐሮማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ገደማ ናችሁ። አንድ ቶን እነዚህን 800 ሜትሮች ሽቅብ ማንሳት፣ ሞተር ከሚያቃጥለው ናፍጣ ወደ ጎማ የሚደርሰው ከሲሶው ብዙም ስለማይበልጥ፣ ከግማሽ ሊትር በላይ ይፈልጋል። ተሳቢው ከነጭነቱ 20 ቶን ከሆነ 13 ሊትር ያህል ለእሱ ብቻ ሄደ። ይህ ለማንሳቱ ነው፤ ለመንከባለሉ፣ ለመኪናው ለራሱና በመኪናው ላይ ላለው ጭነት የሚሄደው ገና አልተቆጠረም። ሐጂ፣ ናፍጣው የሄደው እዚህ ነው።

በዚህ ላይ ከፍታው ራሱ አለ። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ቱርቦ የሌለው ሞተር 2,000 ሜትር ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የድሮዎቹ ፊያት ኤን ትሬዎች ዳገቱ ላይ እያቃሰቱ ሲወጡ፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማ ጎን በእግሩ የሚሄደው ለጨዋታ አልነበረም። እኔም ሙያውን የጀመርኩት በታኮ ነው። መኪናው ከቆመ ታኮው ከጎማው ሥር መግባት ያለበት በዚያችው ቅጽበት ነው፤ ተሳቢ አንዴ ወደ ኋላ ከጀመረ የሚይዘው የለም።

የዚህን ዳገት ዋጋ ከእኛ በፊት የከፈሉም ነበሩ። ከዘይላ የሚነሣው የግመል ቅፍለት ከተራራው ግርጌ ጊልዴሳ ሲደርስ ጭነቱ ከግመል ላይ ወርዶ ለሐረር ዳገት በበቅሎና በአህያ ይከፋፈል ነበር። ባቡሩም አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ መጀመሪያ ሐዲዱን ከጅቡቲ ሐረር የሚያደርስ ነበር። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ በሜዳ እጅግ ቀላል ነው፤ ስለዚህም ዳገት ከመኪና ይልቅ እሱን ይጎዳዋል። መሐንዲሶቹ ተራራውን አይተው ሐዲዱን በግርጌው አሳለፉት፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከታች ቆመ፣ ድሬዳዋም ተወለደች። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተሠራው የኤሌክትሪክ ባቡርም በድሬ በኩል ነው ያለፈው። ለሎኮሞቲቭ የከበደውን ዳገት እኛ ዛሬ ጎማው ባለቀ ተሳቢ እንወጣዋለን።

ጎማውን ካነሣሁ አይቀር ልጨርሰው። መኪናው ላይ ያለቀ ጎማ አይጣልም፤ ወደ ተሳቢው ይዛወራል። ነፋሱን የሚለካው የለም፣ ምክንያቱም ተሳቢ አይነዳም ይባላል። ነፋሱ የጎደለ ጎማ አስፋልቱ ላይ እየተለጠፈ ይሄዳል፣ በሄደ ቁጥርም ይጎትታል። የባሰው ግን ፍሬኑ ነው። ከተረገጠ በኋላ በደንብ የማይለቅ የተሳቢ ፍሬን ማለት ሹፌሩ ሳያውቅ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ይዞ እየነዳ ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ዳገቱን ጨርሳችሁ ስትቆሙ የእጃችሁን ጀርባ ሳትነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉት። ሽቅብ ሲወጣ ፍሬን አልተያዘም፤ ታምቡሩ ለብ ቢል እንጂ የሚግልበት ምክንያት የለም። ከቸርኬዎቹ አንዱ ፊት የሚገርፍ ወላፈን ከሰጣችሁ፣ የናፍጣው ሌባ እሱ ነው። እኔ በዚህ መንገድ ያገኘሁትን ሌባ ብዛት ብነግራችሁ አታምኑም። ብዙውን ጊዜ የተወነጀለው ግን ሹፌሩ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ እኛ ሹፌሮች የምንደብቀው ጥፋት አለ። ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መንዳት። አዳዲሶቹ ሞተሮች በማርሽ ሆነው እግር ከነዳጅ ሲነሣ ናፍጣውን ጨርሰው ይዘጋሉ፤ ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የሚቆጠብ ነገር የለም፤ የሚገኘው ሃያ ቶን ከኋላ እየገፋ ፍሬን ብቻውን ማስጨነቅ ነው። ሸራው ይቃጠላል፣ ፍሬኑ እምቢ ይላል። አንድ ባልደረባዬን የቀበርነው በዚህ ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ ያሉን አሮጌ ሹፌሮች ትክክል ነበሩ።

የጭነቱም ልክ አለ። የመኪናው አምራች ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ መኪናው ራሱ የሚሸከመውንና ከሚጎትተው ጋር ተደምሮ የሚፈቀድለትን። ባለንብረቶች ሊብሬ ገልጠው የመጀመሪያውን፣ የመጫን አቅሙን፣ ያያሉ፤ ሁለተኛውን ቁጥር የሚጠይቀኝ ከመቶ አንድ ነው። በሞተሩ፣ በፍሪሲዮኑ፣ በካምቢዮው ላይ የሚፈርደው ግን ሁለተኛው ቁጥር ነው። ድምሩ ሲያልፍ ሹፌሩ ማርሹን ያስጨንቃል፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ያ ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ በገንዘባችሁ የተገዛ።

ተሳቢን አልጠላም። ሞልቶ፣ በልኩ ተጭኖ፣ ጎማና ፍሬኑ ደህና ከሆነ ለእያንዳንዱ ኩንታል የሚወጣውን ናፍጣ ይቀንሳል፤ ለዚህ ነው የተሠራው። የሚያከስረው በግማሽ ጭነት ዳገት የሚያወጡት ጊዜ ነው። ባዶው ብረት ራሱ ብዙ ቶን ነው፤ እሱም ያንኑ ግማሽ ሊትር በየቶኑ ይጠጣል፣ ብረቱ ግን ኪራይ አይከፍልም። ኪራዩን የሚከፍለው በላዩ ያለው ስኳር ነው፤ በመጨረሻም ጊደር መጋላ ላይ አንድ ኪሎ የምትገዛው እናት ናት።

ስለዚህ ለጭነት ባለቤቶች የምለው ይህ ነው። ጭነታችሁ መኪናውን ሞልቶ ለተሳቢው የሚተርፈው ጥቂት ኩንታል ከሆነ፣ ተሳቢውን ድሬ ላይ አስፈቱት፤ ትርፉን ለአይሱዙ ስጡት። የሐረር ጀጎል መንገድ ጠባብ ስለሆነ ጭነቱ ከግንቡ ውጭ ወርዶ በትንሽ በትንሹ መግባቱ ለማንኛውም አይቀርም። ተሳቢው የግድ ይውጣ ካላችሁም፣ ሹፌሩን ስለ ናፍጣ ከመጠየቃችሁ በፊት ከመኪናው ኋላ ዞራችሁ እጃችሁን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጉ።