ፍላትላንድ፦ በጠፍጣፋ ወለል ላይ የሚሠራ የብስክሌት ጥበብ

ብስክሌት የተፈጠረው ሰውን ከቦታ ወደ ቦታ ለማድረስ ነው፤ ዳሩ ግን በዘመናችን ከተነሡት የስፖርት ዐይነቶች አንዱ ይህን ዓላማ ፈጽሞ ትቶ፣ ነጂው የትም ሳይሄድ፣ በጥቂት ሜትር ወለል ላይ እየተሽከረከረ፣ አንድ ጊዜ በፊተኛው አንድ ጊዜም በኋለኛው ጎማ ላይ ቆሞ፣ እግሩን ምድር ሳያስነካ ልዩ ልዩ ጥበብ የሚያሳይበት ሆኗል። ስሙም ፍላትላንድ ይባላል። ዳገትና ቁልቁለት ባልጠፋበት በጋይንት ምድር፣ በአርብ ገበያ ለሚኖር ወጣት፣ ብስክሌት ለረጅም መንገድ እምብዛም አይመችም ቢባል እውነት ነው፤ ይህ ጥበብ ግን መንገድ የማይፈልግ፣ ከአንድ የቮሊቦል ሜዳ ያነሰ የሲሚንቶ ወለል የሚበቃው በመሆኑ፣ ከሩቅ የመጣ ቢሆንም ለተራራ አገር ባዕድ ነው ሊባል አይገባም።

መነሻው በአሜሪካ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ካሊፎርኒያ የነበሩ ልጆች የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ተመልክተው ልባቸው ስለ ተነሣሣ፣ የሽዊን ፋብሪካ በ1963 ባወጣው ስቲንግ ሬይ በሚባለው ትንሽ ብስክሌት በአቧራማ ሜዳ ላይ መሽቀዳደም ጀመሩ፤ ቢ.ኤም.ኤክስ. የሚባለው ስፖርትም ከዚህ ተወለደ። በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ቦብ ሃሮ የሚባል ወጣት ከእሽቅድምድሙ ይልቅ ብስክሌቱን ማጫወት መረጠና፣ በ1982 ለትርኢት ብቻ የታሰበ ብስክሌት አወጣ። የፊተኞቹ ጨዋታዎች ግን አብዛኞቹ ፍሬን ይዞ በአንድ ቦታ መዝለል ነበሩ፤ ጥበቡን ዛሬ ወዳለበት መልክ ያመጣው በፔንስልቬንያ የዮርክ ከተማ ልጅ የሆነው ኬቪን ጆንስ ነው፤ እርሱና ጓደኞቹ በ1980ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በኋላ፣ ጎማውን በጫማ እየገፉ ብስክሌቱ ሳይቆም እንዲንከባለል በማድረጋቸው፣ ዝላይ የነበረው ሁሉ እንደ ውሃ የሚፈስ እንቅስቃሴ ሆነ።

መሣሪያውም ለዚሁ ሥራ የተለየ ነው። ጎማው 20 ኢንች ብቻ ስለ ሆነ ብስክሌቱ አጭርና ቀላል ነው፤ ኮርቻው የሚቀመጡበት ሳይሆን በእጅ የሚጨብጡት ወይም በጉልበት የሚይዙት ስለ ሆነ ትንሽ ነው፤ በሁለቱም ጎማዎች ዘንግ ጫፍ፣ በግራና በቀኝ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ የእግር ማሳረፊያ ብረቶች ተበጅተውለታል። መሪው ሙሉ ዙር ሲዞር የፍሬኑ ሽቦ እንዳይጠመጠም የሚያደርግ ተሽከርካሪ ቀለበት በአንገቱ ላይ ይገጠምለታል፤ የኋለኛው ጎማ ደግሞ ወደ ኋላ ሲንከባለል ፔዳሉን ይዞት እንዳይዞር ሆኖ ይሠራል። የቀረው ሁሉ የነጂው ድርሻ ነው።

ጀማሪው ከሚማራቸው አንዱን ቀረብ ብለን እንመልከት። ነጂው በዝግታ እየሄደ አንድ እግሩን ከፊተኛው ጎማ ማሳረፊያ ብረት ላይ ያኖራል፤ የፊቱን ፍሬን በአንድ ጣት ለቅጽበት ሳብ ሲያደርገው የኋለኛው ጎማ ወደ ላይ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ፍሬኑን ለቆ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ በፊተኛው ጎማ ብቻ እየተንከባለለ ይሄዳል። ሁለተኛው እግር በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወዛወዘው ለጌጥ ሳይሆን፣ የሰውየውንና የብስክሌቱን የክብደት ማዕከል በጎማው ዘንግ ትይዩ ለማቆየት ነው። በቦታው ሲሽከረከርም፣ ሰውነቱን ወደ ዙሩ ማዕከል በሰበሰበ መጠን ዙሩ ይፈጥናል፤ ክንዱንና እግሩን በዘረጋ መጠን ይዘገያል፤ ይህን የተፈጥሮ ሕግ ነጂው ከመጽሐፍ ሳያነበው በገዛ አካሉ ያውቀዋል።

ይህ ዕውቀት የሚገኘው ግን በብዙ መደጋገም ነው፤ የመደጋገምን ነገር ደግሞ የጋይንት ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በዚያው በጋይንት ባለችው በቤተልሔም ድጓ የሚማረው ደቀ መዝሙር በየኔታ ፊት ተቀምጦ እያንዳንዱን ዜማ እስኪያቀና ድረስ ይቀጽላል፤ ዜማውን ከዜማ ሳያቋርጥ ማያያዝ የሚችለውም አንዱን አንዱን ለየብቻው ካጸና በኋላ ነው። የፍላትላንድ ትምህርትም በዚህ ይመስለዋል፤ በፊተኛው ጎማ መቆም፣ በኋለኛው መቆም፣ መሪውን አዙሮ ከኋላ መቀበል፣ ሁሉም ለየብቻ ይጠናል፤ ሊቅነት ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እግርን ምድር ሳያስነኩ በመሻገር ይታወቃል። በውድድርም ዳኞች የሚመዝኑት የጨዋታውን ክብደት ብቻ ሳይሆን ይህን ተያያዥነትና ነጂው ከራሱ ያመነጨውን አዲስ ነገር ጭምር ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ፍላትላንድን በ2019 በቻይና ቼንግዱ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ውስጥ አስገብቶታል፤ በቶክዮ ኦሊምፒክ የገባው ግን በመወጣጫ ላይ የሚዘለለው ወንድሙ እንጂ እርሱ አይደለም።

በአገራችን ብስክሌት ታሪክ አለው፤ ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረውላታል፤ ጽጋቡ ግርማይም በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ባሕር ዳርም ሜዳማ በመሆኗ ብስክሌት የተወደደባት ከተማ ናት። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» አስፋልቱን በእሑድ ጧት ከመኪና ነጻ ሲያደርገው፣ የፊቱን ጎማ አንሥተው የሚነዱ ልጆች ያለ ሥጋት የሚሞክሩበት ስፍራ አገኙ። የሰርከስ ቡድኖቻችን ደግሞ ሚዛንን በመጠበቅ ጥበብ ለብዙ ዓመታት ሲመሰገኑ ኖረዋል። እንግዲህ ፍላትላንድ የሚጠይቃቸው ሁለት ነገሮች፣ የብስክሌት ፍቅርና የሰውነት ሚዛን፣ በእኛ ዘንድ ተለያይተው ቢኖሩም አሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ለመማር የሚነሣ ወጣት፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ውድ ብስክሌት እስኪገኝ መጠበቅ የለበትም፤ የፊት ፍሬኑ የሚይዝ ትንሽ ብስክሌት፣ የራስ ቁርና የእግር አገዳን ከፔዳል ምት የሚያድን መከላከያ ለመጀመሪያው ይበቁታል። ከሁሉ በፊት ሊማረው የሚገባው ግን አወዳደቅ ነው፤ ሚዛኑ ሲፈርስ ብስክሌቱን ከራሱ አርቆ ገፍቶ በሁለት እግሩ መቆምን ያወቀ ሰው ፍርሃት ይለቀዋል፤ ፍርሃት የለቀቀው ተማሪም ለመደጋገም አይሰለችም፤ በዚህ ጥበብ ደግሞ ከማይሰለች ተማሪ የሚበልጥ ባለጸጋ የለም።